ዘላቂነትን በአጋርነት ወደ ቡና ንግድ ስትራቴጂ ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡና ላኪዎች፣ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶችና የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተመረጡ ናቸው።

"ዘላቂነት የስትራቴጂያችን አካል ነው" ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

ብዙ ድርጅት ውስጥ ቃሉ ሲነሣ ትዝ የሚለው ለትምህርት ቤት ደብተር መግዛት፣ በክረምት ችግኝ መትከልና አብሮ ፎቶ መነሣት ነው። ደግ ሥራ ነው። ስትራቴጂ ግን አይደለም፤ ዓመቱ ሲከፋ በጀቱ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነውና። ዘላቂነት ስትራቴጂ የሚሆነው ቡና የምትገዙበትን መንገድ፣ የምትበደሩበትን ምክንያትና የምትሸጡለትን ሰው ሲለውጥ ነው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። የድርጅቱን ዕቅድ አላነብም፤ የእሸት ገዢውን እጠይቃለሁ፦ "ዘንድሮ ከአምናው ምን ለውጠህ ገዛህ?" መልሱ "ምንም" ከሆነ ዘላቂነቱ ያለው ብሮሹሩ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ ይህን ያህል አንገብጋቢ ነው? ቡናው እንደሆነ ይሸጣል።

ዛሬማ ይሸጣል። በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ የለንደኑ የኪው ዕፀዋት ማዕከልና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጡ በዚሁ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ቡና ወደ ደጋ መውጣት ይችላል፤ የእናንተ ማጠቢያ ጣቢያ ግን አብሮት አይወጣም።

ለምን በአጋርነት? ብቻችንን ብንሠራውስ?

ቁጥሩ አይፈቅድም። ከኢትዮጵያ ቡና ከ90 በመቶ በላይ የሚመረተው በአነስተኛ ገበሬዎች ሲሆን፣ የብዙዎቹ ማሳ አንድ ሄክታር አይሞላም። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። 320 ጆንያ የያዘ አንድ ኮንቴይነር፣ ማለትም 19.2 ቶን፣ ከ115 ቶን በላይ እሸት ፈጅቷል ማለት ነው። ያ እሸት የወጣው ከመቶዎች ጓሮ ነው። ያንን ሁሉ ጓሮ የሚመክር፣ የሚለካና የሚያበድር የላኪ ድርጅት እስካሁን አላየሁም።

አጋርነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት አጋሮ አጠገብ፣ ጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ አካባቢ ቡና ለዘመናት የሚሸጠው ደርቆ በጀንፈል ነበር፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ገበሬዎቹ ተደራጁና ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ሙያና የአስተዳደር ሥልጠና ሰጣቸው፤ በብድር ማጠቢያ ተከሉ። የተተከለውም ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ ነው፤ ለወንዙም ለነዳጅ ወጪውም ይቀላል። በዚያው ሰሞን የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ፣ ንብ ኢንተርናሽናል ባንክ ለቡና ማኅበራት በሚሰጠው ብድር ላይ ሥጋቱን ተጋርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የዱሮሚና ቡና በአፍሪካ የጣዕም ውድድር ዳኞች ፊት ቀርቦ አንደኛ ወጣ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ አጋር ሌላው ሊያመጣው የማይችለውን ይዞ ነው የመጣው። ገበሬው እሸቱንና ጉልበቱን፣ ድርጅቱ ሙያውን፣ ባንኩ ገንዘቡን፣ አይኤፍሲ ኪሣራ ቢመጣ የሚሸከም ትከሻ። ሁለት አጋሮች አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ከመጡ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ሥልጠና ብቻ ከሆነ ይዘው የመጡት፣ ገበሬው በሳምንት ሁለት ጊዜ አዳራሽ ይቀመጣል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ከማን እንጀምር?

ከሚገዛችሁ ደንበኛ። ለሦስት ተከታታይ ዓመት የገዛችሁና በስሙ የምትጠሩት ገዢ ካለ እሱ የመጀመሪያው አጋር ነው፤ ከሌለ ከዘላቂነቱ በፊት እሱን ፈልጉ። የግብይት መንገዱ ከድሮው የተሻለ ነው። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከመጣ ወዲህ ቡናው ከየት እንደተነሣ ሳይጠፋ ለገዢ የሚደርስበት ዕድል ሰፍቷል። ቀደም ሲል በምርት ገበያው በኩል የሚያልፈው ቡና በደረጃና በአካባቢ ተደባልቆ ስለሚሸጥ "ይህ የእነ እገሌ ቀበሌ ነው" ማለት ከባድ ነበር።

ቀጥሎ መሠረታዊ ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ፣ ከዚያ ባንክ። የምርምር ተቋማትን ግን ሰው ይረሳቸዋል። ጅማ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ነው፤ ሄዶ ማነጋገር የመኪና ነዳጅ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ኢዩዲአር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮ መከላከያ ሕግ እኛን ይመለከታል?

በቀጥታ የሚገደደው አውሮፓ ውስጥ ዕቃውን ገበያ የሚያወጣው ድርጅት ነው። እሱ ግን የሚጠየቀውን ሁሉ ከእናንተ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይመለከታችኋል። ሕጉ ሰባት ምርቶችን ይይዛል፦ ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና ከብት። ቡናው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልበቀለ፣ እንዲሁም በአገሩ ሕግ መሠረት የተመረተ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ማረጋገጫው የሚጀምረው ከማሳው መገኛ ነው። ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው ተለክቶ ካርታው መቅረብ አለበት፤ ከዚያ በታች ለሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ገበሬ አብዛኛው ሁለተኛው ውስጥ ስለሚወድቅ ሥራው ከሚፈራው ይቀልላል፤ ብዛቱ ነው ራስ የሚያዞረው።

የሚተገበርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.)፣ ለጥቃቅንና አነስተኞቹ ጁን 30 ቀን 2027 (ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም.) ሆኗል። መገፋቱን ሰምተው ጂፒኤሱን መሳቢያ ውስጥ የከተቱ አሉ። ገዢዎቻቸው ግን መረጃውን መጠየቅ አላቆሙም፤ የሕጉ የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ ከድርጅቱ ዓመታዊ የአውሮፓ ሽያጭ ከ4 በመቶ ማነስ ስለሌለበት አያስገርምም።

የማሳ ልኬታውን ወጪ ማን ይክፈል? መረጃውስ የማን ነው?

በየአዳራሹ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል እሰማለሁ። ድሩን የፈተለው ማን እንደሆነ፣ የጥጡን ዋጋ ማን እንደከፈለ ግን ማንም አያነሣም። ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል።

የእኔ አቋም፦ ገበሬው አይክፈል። ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም፤ ከሱ ኪሎ ላይ ቆርጦ ልኬታ ማስለካት ደግሞ እሸቱን ወደ ጎረቤት ጣቢያ መሸኘት ነው። ገዢው የድርሻውን በኪሎ ዋጋው ውስጥ ወይም በቅድሚያ ክፍያ ይሸፍን፤ ላኪው የሠራተኛውንና የስልኩን ወጪ ይያዝ፤ ማኅበሩ መንገድ የሚያሳዩትን የቀበሌ ወጣቶች ያቅርብ። ይህን በቁጥር ጽፋችሁ ካልተፈራረማችሁ በመጨረሻ የሚከፍለው ከሁሉም አቅመ ደካማው ነው።

መረጃው ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ልኬታውን የከፈለ ገዢ "የኔ ብቻ ነው" ይላል። ሌላ ገዢ ሲመጣ እንደገና ይለካል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት ድርጅት የለካውን አንድ ማሳ አይቻለሁ፤ ባለማሳው አራተኛው ሲመጣ "ልጆች፣ መሬቴ እኮ አያድግም" ብሎ አሳቀን። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስገቡ፦ የልኬታው ቅጂ በመሠረታዊ ማኅበሩ ይቀመጥ፤ ገበሬውም የራሱን ነጥብ በጠየቀ ጊዜ ያግኝ። የገበሬው ስም፣ ስልክና የማሳው ቦታ የግል መረጃ ስለሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ፈቃዱን ስትወስዱ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ለሚናገር ሰው የእንግሊዝኛ ቅጽ ሰጥቶ ጣት ማስነካት ፈቃድ አይባልም።

ሰርተፊኬት ካወጣን አይበቃንም?

ሰርተፊኬት በር ይከፍታል፤ ገብቶ መቀመጥ የእናንተ ፋንታ ነው። ፌርትሬድ የሚባለውን የፍትሐዊ ንግድ ሰርተፊኬት እንውሰድ። ከዝቅተኛው የዋስትና ዋጋ ሌላ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለማኅበሩ ይከፈላል፤ ከዚያ ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርታማነትና ለጥራት መዋል አለበት። አንድ ኮንቴይነር 42,300 ፓውንድ ያህል ስለሆነ ወደ 8,460 ዶላር ይመጣል። ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ለሺህ አባላት ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው ስምንት ዶላር ከምናምን። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ ከመበተን ለድልድይ፣ ለክፍል ወይም ለማድረቂያ አልጋ ሲውል የበለጠ ይታያል።

ሰው የማያሰላው ግን ይህ ነው፦ ሰርተፊኬት ያለው ቡና ሁሉ በሰርተፊኬቱ ዋጋ አይሸጥም። ገዢ ካልተገኘ ቡናው እንደ ተራ ቡና ይሄዳል፤ የኦዲቱ ሒሳብ ግን አይቀርም። መጀመሪያ ገዢውን፣ ከዚያ ሰርተፊኬቱን።

የማጠቢያ ፍሳሽ ጉዳይ ከአጋርነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንዙ ያገናኘዋል። የገለፈቱና ፍሬውን የሚሸፍነው ሙጫ (ሙክሌጅ) ስኳር ውኃው ውስጥ ሲብላላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ይሸታል፤ ከታች ያለው ከብት አይጠጣውም። እሸት የሚያቀርብላችሁ ገበሬና ከታች ውኃ የሚቀዳው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ውኃ የሚቆጥብ ማሽን፣ የፍሳሽ ጉድጓድና የቬቲቨር ሣር መስክ ተደምረው ብዙ ይረዳሉ። ገለፈቱም ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው መመለስ ይችላል፤ ማመላለሻውን ማኅበሩ ቢይዘው ለሁለታችሁም ይቀላል።

የጫካ ቡና አካባቢ ነን። ደኑን መጠበቅና ምርት መጨመር አብረው ይሄዳሉ?

እስከ አንድ ወሰን ድረስ። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል፤ የአረቢካ የዱር ዘር ያለው በነዚህ ደኖች ነው። ያዩ ላይ የኪው ማዕከል፣ ዩኒየን የተባለው የእንግሊዝ ቡና ቆይ ድርጅትና አገር ውስጥ ያለው የአካባቢና የቡና ደን ፎረም ከገበሬዎች ጋር አብረው ሠርተዋል። ሐሳባቸው፣ ጥራቱ ተሻሽሎ ዋጋው ከፍ ካለ ገበሬው ደኑን ለበቆሎ የሚመነጥርበት ምክንያት ይቀንሳል የሚል ነው። በባሌ በሐረና ደንም ፋርም አፍሪካና ኤስኦኤስ ሳህል ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በአሳታፊ የደን አስተዳደር ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል።

አስቸጋሪው ነገር ዋጋው ከፍ ሲል ሌላ ፈተና ይዞ መምጣቱ ነው። ገበሬው ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ዛፉን ያሳሳል፤ ቡናውን ያጠጋጋል። በአንድ በኩል ብልህ አሠራር ነው፤ በሌላ በኩል ደኑ ቀስ በቀስ የጥላ ዛፍ ያለው እርሻ ይሆናል። የአውሮፓው ሕግ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ፣ ዛፉ ከአምስት ሜትር የሚያልፍ፣ ቅጠሉ ከ10 በመቶ በላይ መሬቱን የሚሸፍንና በዋናነት ለእርሻ ያልዋለን መሬት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የቆየ የቡና እርሻ እርሻ ነው። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን የነበረው ወደ እርሻ ከተለወጠ ግን ችግር ነው። ስለዚህ ከደን ማኅበሩ ጋር የትኛው ክፍል ምን እንደነበረ አሁኑኑ በካርታ ላይ ተስማሙ፤ የድሮ ፎቶና የሳተላይት ምስል ኋላ ያድናችኋል።

ዋጋው ሲያሻቅብ ገበሬው ለሌላ ይሸጣል። ታዲያ ምን ዓይነት አጋርነት ነው?

በጣም የተለመደ ቅሬታ ነው፤ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በ2025 መጀመሪያ የኒው ዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር ብዙ ላኪ እሸቱ ከእጁ አመለጠ። "ገበሬው ከዳን" አሉ። ዋጋው በወደቀ ዓመት ግን ገበሬውን ማን እንደ ከዳው የጠየቀ የለም።

የሚሠራው ዘዴ ሁለተኛ ክፍያ ነው። እሸቱ ሲገባ በዕለቱ ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ቡናው ተሸጦ ሲያልቅ ከትርፉ ተመልሳችሁ ታካፍላላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ማንም አያምናችሁም። ሁለተኛው ክፍያ በሰዓቱ፣ በስም ዝርዝር፣ ሁሉ ባለበት ሲከፈል ግን ቀጣዩ ዓመት ላይ ጣቢያችሁ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ታያላችሁ። ከዚህ በተጨማሪ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቤት ባዶ በሚሆንበት ወቅት የሚሰጥ አነስተኛ ቅድሚያ ገንዘብ ገበሬውን ከአራጣ ያድነዋል። ለወለድ ከሚሸጠው ቡና የባሰ ርካሽ ቡና የለም።

ውል ላይ መደገፍ የምትፈልጉ ከሆነ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 መሠረት ይሰጣችኋል። ግን ሦስት ኩንታል እሸት ላመለጠ ገበሬ ፍርድ ቤት የሚሄድ ላኪ ሰፈሩ ውስጥ ድጋሚ አይገዛም።

መግባቢያ ሰነድ ከፈረምን በቂ ነው?

አንድ ላኪ ቢሮው ግድግዳ ላይ የአምስት መግባቢያ ሰነድ ፊርማ ፎቶ ሰቅሏል። ከአምስቱ ስንቱ ላይ ገንዘብ እንደ ወጣ ስጠይቀው አንዱን ብቻ ጠቆመኝ፤ እሱም የፊርማው ዕለት ምሳ ነበር።

ሰነዱ ላይ ቢያንስ እነዚህ ይኑሩ፦ ማን ስንት ብር መቼ ያወጣል፤ ገዢው ለስንት ዓመት ስንት ኮንቴይነር ሊወስድ አስቧል፤ ዋጋው በምን ይሰላል፤ መረጃው የማን ነው፤ አንዱ ቢወጣ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። "በጋራ እንሠራለን" የሚል ዓረፍተ ነገር በገጽ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም።

ትልቁ አጋር ጥሎን ቢወጣስ?

ሊወጣ ይችላል። ከቡና ወጣ ብለን ሐዋሳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀም ተብሎ የተነደፈ ነበር፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉ ምልክቶችን የያዘው ፒቪኤችም ከዋነኞቹ አጋሮች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘጋ፤ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ አጎአን፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የመላክ ዕድሏን፣ አጣች። የፍሳሽ ማጣሪያ ግን ፋብሪካ ሲቀንስ በዚያው ልክ ወጪው አይቀንስም።

ከዚህ የምወስደው፣ የዘላቂነት ኢንቨስትመንታችሁ በአንድ ገዢ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይቆም ነው። ማሽኑ፣ ጉድጓዱ፣ የማሳ መረጃው ለማንኛውም ገዢ የሚያገለግል ይሁን። ገዢው ልዩ ነገር ከፈለገ፣ ለምሳሌ የራሱን ሶፍትዌር፣ ልዩውን ይክፈል። ደግሞ አንድ ገዢ ከምርታችሁ ከግማሽ በላይ እየወሰደ ከሆነ፣ ደስ ቢልም፣ ቀጣዩን ደንበኛ የምትፈልጉበት ጊዜ ደርሷል።

ማሸጊያችን ላይ "ለአካባቢ ተስማሚ" ብለን መጻፍ እንችላለን?

ቆልታችሁ አውሮፓ ለምትሸጡ ወይም ገዢያችሁ ታሪካችሁን ማሸጊያው ላይ ለሚጽፍ፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መመሪያ 2024/825 የሚባለው የአውሮፓ ሕግ ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ይሠራል፤ በእኛ መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት መሆኑ ነው። ማስረጃ የሌለው "አረንጓዴ"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ" የሚል ጥቅል አባባል፣ እንዲሁም የካርቦን ማካካሻ ገዝቶ "ምርቴ ካርቦን አያወጣም" ማለት ይከለከላል።

የሚሻለው የሠራችሁትን ልክ በልኩ መጻፍ ነው፦ "ጣቢያው በዚህ ዓመት ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ ተክሏል"፣ "ለዚህ ቡና ለገበሬው በኪሎ እሸት ይህን ያህል ብር፣ በሁለተኛ ክፍያ ይህን ያህል ተከፍሏል"። የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የስም ዝርዝሩን አስቀምጡ፤ ገዢያችሁ አንድ ቀን ይጠይቃችኋል፤ በአብዛኛው ደግሞ የሚጠይቀው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።